ምድር ቤት

እኔ የነፋስ አስተማሪ ነኝ። አትሳቁ፤ እንጀራዬ ነው።

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ውስጥ፣ ከአንድ የሕንድ ጨርቅ ሱቅ በላይ ጠባብ አዳራሽ አለች። ወደ አሜሪካ ለመሄድ ፋይላቸው ያለቀላቸው ስደተኞች እዚያ ሦስት ቀን ይማራሉ። አስተማሪዋ ዋምቡዪ የምትባል ኬንያዊት ናት፤ እሷ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የአውሮፕላን ቀበቶ እንዴት እንደሚታሰር፣ በረዶ ላይ እንዴት እንደሚረገጥ፣ ልጁን የገረፈ ሰው ቤት ፖሊስ እንደሚመጣ። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሆዱ ሞልቶ ዓይኑ ሲከደን፣ ተራው የነፋሱ ነው። የቶርኔዶው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ነፋስ ስተረጉም ደክሞኛል። ድካሜ ደግሞ ከነፋሱ ብቻ አይደለም፤ ምን አስዋሸኝ። ናይሮቢ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የራሴ ፋይል ከገባ አምስት ዓመት አለፈው። በጠየቅሁ ቁጥር «በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። የማይሄድ ሂደት ምን ይባላል? ከኔ በኋላ የመጣው ሁሉ በኔ አፍ ተምሮ፣ በኔ እጅ ተሸኝቶ ሄደ። ሰው አሻግሬ አሻግሬ እኔ ወንዙ ዳር ቀረሁ።

አገሬ ሳለሁ ደሴ ላይ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ከዚያ ዘመን የተረፈኝ ነገር ቢኖር አመሌ ነው። ናይሮቢ ያደጉት ልጆች ታክሲ አምልጧቸው ሲያረፍዱ «ማታቱ ሚስ አድርጌ ሌት ሆንኩ» ሲሉ ስሰማ ጥርሴ ይፋጫል። እናም በዚያች አዳራሽ ውስጥ የእንግሊዝኛ ቃል ከአፌ ላይወጣ ለራሴ ማልኩ። ቶርኔዶን አውሎ ነፋስ አልኩት። ሳይረን የሚሉትን የማስጠንቀቂያ ጩኸት። ለሁሉም አማርኛ አገኘሁለት፤ ተማሪዎቼንም እንደ ጸሎት አስሸመደድኳቸው። «ጩኸቱን ስትሰሙ ምንም ሳትጠብቁ ወደ ምድር ቤት ሂዱ። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ። ጭንቅላታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። ጫማ፣ ባትሪ፣ ውሃና ወረቀታችሁን አስቀድማችሁ በአንድ ቦርሳ አዘጋጁ።»

ማንም አያምነኝም። ቤት የሚያነሳ ነፋስ ሲባል ይሳሳቃሉ። አገራችን አቧራ እየጠቀለለ የሚዞር ነፋስ ሲመጣ ሰይጣን አለበት ይባላል፤ ሰው ያማትባል፣ ነፋሱም ያልፋል። «በስመ አብ ብንልበትስ አይበተንም?» የሚለኝ ሽማግሌ በየዙሩ አይጠፋም። «ይበሉ አባቴ፣ ያማትቡ» እላለሁ፤ «ካማተቡ በኋላ ግን ወደ ምድር ቤት ይሂዱ።» ምድር ቤት፣ ምድር ቤት ስል ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ከሸኘኋቸው ሁሉ አንጀቴን የሚበሉት እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ሳውዝ ሲ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ተካፍለን ኖረናል። ስድሳን ያለፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ዘመድ የሌላቸው ሴት ናቸው። ኪሌሌሽዋ ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ። እሁድ በመጣ ቁጥር «አንቺ ጴንጤ፣ ዛሬ ደግሞ በየትኛው ቋንቋ ልትጮሂ ነው?» ይሉኛል። እኔም «እርስዎ በየሥዕሉ ፊት እየሰገዱ ጉልበትዎ እንዴት አያምዎትም?» እላቸዋለሁ። እንስቃለን። እንዲህ እየተቃለድን እንኳ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «አንቺ» ብያቸው አላውቅም። አባቴ ያሳደገኝ እንደዚያ ነው። ወባ ይዞኝ ስቃዥ ሳይቀር «እትዬ፣ እባክዎ ውሃ ይስጡኝ» እል ነበር አሉ፤ ይህንን እያነሱ ሲስቁብኝ ኖረዋል።

ባለፈው የካቲት ሄዱ። ካንሳስ፣ ስሟን እስካሁን አስተካክዬ የማልጠራት ትንሽ ከተማ። ባልና ሚስት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተቀብለው ቤታቸው አስቀመጧቸው። ሳይሄዱ ስልኬን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው አጥንተው ነበርና እሁድ እሁድ ይደውሉልኛል።

«ቤቱ እንዴት ነው?» አልኳቸው መጀመሪያ የደወሉ ጊዜ።

«ቤቱማ ቤት ነው። እኔን ግን ጉድጓድ ውስጥ ነው የከተቱኝ።»

«የምን ጉድጓድ?»

«ከመሬት በታች ነዋ! ደረጃ ወርጄ ነው የምተኛው። መስኮቷ የመዳፍ ያህል ናት፣ እሷም ጣራው ጥግ ላይ ናት። በሷ የማየው የሣር ሥር ብቻ። እንደ ማሽላ ቀበሩኝ እኮ፣ ዓይኔ።»

«አልጋ የለውም?»

«አለው። ምንጣፍም አለው፣ ማሞቂያም አለው። ጉድጓድ ግን ጉድጓድ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ክፍላቸው በሁለታችንም አፍ «ጉድጓዱ» ሆኖ ቀረ። «ጉድጓዱ እንዴት ሰነበተ?» እላቸዋለሁ፤ «አለ፣ አልሞላም» ይሉኛል።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ እሁድ ደወሉና ኩራት ኩራት እያላቸው ነገሩኝ።

«ባለፈው ረቡዕ ያ ያልሽው ጩኸት ጮኸልሽ። ሰዎቹ ሥራ ናቸው፣ እኔ ብቻዬን። ምንም አልደነገጥኩ! ቦርሳዬን አንስቼ፣ ይቺን ጉልበት እየጎተትኩ ደረጃውን ወጥቼ፣ እንዳልሽኝ ምድር ቤት ጠረጴዛ ሥር ቁጭ። ኋላ ስጠይቅ ለሙከራ ነው አሉኝ፤ በየወሩ ይጮሃል።»

«ጎበዝ! ተማሪ ማለት እንዲህ ነው» አልኳቸው።

ልብስ እያጠብኩ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ እያለቀለቅሁ ነበር። «ደረጃውን ወጥቼ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ግን አልሰማሁም፤ ደክሞኝ ነበር።

ግንቦት ገባ። አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ዋምቡዪ አዲስ ሥዕል ይዛ መጣች። እስከዚያ ቀን የነበረን የነፋሱ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ይሄኛው ቤት ነው፤ እንደ ዳቦ ለሁለት ተቆርጦ ውስጡ የሚታይ። እናት፣ አባትና ልጆች ከታች ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ላያቸው ላይ ነፋሱ መጋረጃና ወንበር ይዞ ይዞራል።

«ጩኸቱን ስትሰሙ ወደ ምድር ቤት ሂዱ» አልኩ። ዓይኔ ሰዓቴ ላይ እንጂ ሥዕሉ ላይ አልነበረም።

ምርቃት የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። እናቷን ይዛ ልትሄድ ፋይሏ ያለቀላት፣ ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ቤዝመንት ማለትሽ ነው?»

«አንቺ» ማለቷ ሳያንስ እንግሊዝኛዋ ተጨመረበትና ደሜ ፈላ። «ምድር ቤት ነው ያልኩት! የራስሽ ቋንቋ እያለሽ ምን ያስለምንሻል?»

«ሶሪ ቲቸር። ባት ሥዕሉ ላይ ያለው ቤዝመንት ነው።»

ልጮህባት አፌን ስከፍት ከኋላ ወንበር ጋሽ ሥዩም ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ጋሽ ሥዩም አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ሲሠሩ የኖሩ ካፖ ናቸው፤ የግንበኞች አለቃ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር።

«ልጄ፣ ይቅርታ ላቋርጥሽ። ሕንፃው ጂ ፕላስ ፎር ነው ሲባል፣ ጂዋ ማን ናት?»

«መሬት ላይ ያለችው።»

«ስሟ?»

«ምድር ቤት» አልኩና ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁ።

«እህ።» ተነስተው መጡና ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ። «እነዚህ ሰዎች የተቀመጡት ከምድር ቤት በታች ነው። ከጂ በታች። ምድር ቤቱ ይኸውልሽ፣ ላያቸው ላይ፣ ይሄ ትልልቅ መስታወት ያለበት። ነፋሱ የሚጠርገው እሱን ነው። ታዲያ አንቺ ወደ የትኛው ሂዱ እያልሽን ነው?»

ዋምቡዪ «ምንድነው የሚሉት?» አለችኝ። መተርጎም አቃተኝ።

መዝገበ ቃላቱን አይቼ ነበር እኮ! «ቤዝመንት» ለሚለው «ምድር ቤት» ይላል። እንዲያ የሚለው ሰው የለም አልልም። ግን የኛን ሰው በደፈናው «ምድር ቤት ግባ» ብትሉት የት ይገባል? ከደጅ ቀጥ ብሎ የሚገባበት ክፍል ነዋ። እኔ ራሴ፣ የአማርኛ መምህርቷ፣ ሌላ ቦታ ሆኜ «ምድር ቤት ግቢ» ብባል የምሄደው ወደዚያው ነበር። ሁለት ዓመት። በየሁለት ሳምንቱ ሃያ ሃያ ሰው። ያን ሁሉ ሰው «ነፋሱ ሲመጣ ፊቱ ተቀመጡለት» ብዬ ሸኝቻለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔ ቃልማ ውቅያኖስ ተሻግሯል።

ከዚያ «ደረጃውን ወጥቼ» የሚለው መጣብኝ። የምርቃት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ ብዙነሽ የሚተኙት ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ነፋሱ ቢመጣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ቢተኙ ይተርፋሉ። እኔ ነኝ ከተኙበት ቀስቅሼ፣ በታመመ ጉልበታቸው ደረጃ አውጥቼ፣ መስታወት ፊት የማስቀምጣቸው። አደራዬን ደግሞ አያጓድሉም፤ አንድ ጊዜ ያልኳቸውን ነገር እስከ ሞት የሚይዙ ሴት ናቸው።

ዋምቡዪ ነገሩ ሲገባት አልተቆጣችኝም። ቢሮዋ ገብታ ኮምፒዩተሯን ከፈተች፣ የከተማዋን ስም ጻፈች፣ ፊቷ ተለወጠ። «ዛሬ ማታ በነሱ አካባቢ ከባድ አውሎ ይጠበቃል ይላል። ደውዪላቸው» አለችኝ።

ካንሳስ ከኛ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እኛ ከሰዓት በኋላ ስንሆን እነሱ ገና ይነጋላቸዋል። ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም። ባልና ሚስቱ ያን ሳምንት ልጃቸው ዘንድ እንደሚሄዱ እትዬ ነግረውኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ነው ወደ ሥራ የሚወጡት፤ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥፋሉ። ስልኩ የቤቱ ስልክ ነው፣ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ። የራሳቸው ስልክ የላቸውም። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

ያን ቀን ከፓርክላንድስ ሳውዝ ሲ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ዝናቡ የሞምባሳ መንገድን ኩሬ አድርጎት ማታቱው ቆመ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ዘፈኑን ከፍ አደረገ። ጫማዬን በእጄ ይዤ በውሃው ውስጥ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። በየመሃሉ እደውላለሁ፤ የሚያነሳ የለም። ቤት ስገባ መብራት የለም። «ጌታ ሆይ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ያዝልኝ» አልኩ። ሌላ የምለው ጉልበት አልነበረኝም፤ እርጥብ ልብሴን እንደለበስኩ እትዬ ትተውልኝ የሄዱት አልጋ ላይ ወደቅሁ።

ብንን ስል ገና አልነጋም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል። እዚያ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው ማለት ነው። ደወልኩ።

በሁለተኛው ጥሪ ተነሳ።

«ሄሎ?»

«እትዬ! ዓይናለም ነኝ!»

«ዓይኔ! አንቺን እግዜር ነው የላከሽ። ያ ነገር ይጮሃልሽ፤ ትሰሚያለሽ?»

ይሰማል። ከድምፃቸው ኋላ ከፍ ዝቅ የሚል ለቅሶ አለ። በየሁለት ሳምንቱ «እንዲህ ይጮሃል» እያልኩ በአፌ ሳስመስለው የኖርኩት ጩኸት ነው፤ እኔ ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«የት ነዎት?»

«እንዳልሽኝ ነዋ! ምድር ቤት። ቦርሳዬንም ይዣለሁ፣ ባትሪውንም፣ ወረቀቱንም። ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ስልኩ ሲጮህ ወጣሁልሽ። ዓይኔ፣ ሰማዩ አረንጓዴ ሆኗል። በመስታወቱ አየዋለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሰማይ አላየሁም።»

«እትዬ፣ ከዚያ ይውረዱ። አሁን።»

«ወዴት ልውረድ? ምድር ቤት ነኝ እኮ! ከምድር በታች ማን አለ፤ ሙት ነው ያለው።»

«ጉድጓዱ! መኝታዎ! ወደ ጉድጓድዎ ይውረዱ!»

«ምን ነካሽ? ጩኸቱን ስትሰሙ ምድር ቤት ያልሽን አንቺ አይደለሽም?»

«ተሳስቼ ነው፣ እትዬ! ቃሉን ተሳስቼ ነው! ምድር ቤት ስል ጉድጓዱን ማለቴ ነበር!»

«በይ እንግዲህ። ትናንት ውጡ፣ ዛሬ ውረዱ። ይቺ ጉልበት የብረት መሰለችሽ? አሁን ነው እኮ እንደ ምንም የወጣሁት። ጠረጴዛው ደህና ነው፣ ወፍራም እንጨት ነው፣ ቆይ እዚሁ…»

«እትዬ፣ እባክዎ! በማርያም ይዤዎታለሁ!»

«ወይ ጉድ! ጴንጤዋ በማርያም ለመነችኝ» ብለው ሳቁ። እየሳቁ ሳለ ከኋላቸው አንድ ነገር ፈንድቶ ረገፈ። መስታወት ነው። ከዚያ ድምፁ መጣ። ባቡር ይመስላል ብዬ አስተምር ነበር፤ ባቡር አይመስልም። ምን እንደሚመስል እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ውረጂ!» አልኩ። «ብዙነሽ! ውረጂ! ስልኩን ጣይና ውረጂ፣ አንቺ ሴትዮ! ውረጂ ብዬሻለሁ!»

 

«እሺ» አሉኝ፣ እንደ ልጅ።

ስልኩን አልዘጉትም፤ ለቀቁት። ግድግዳውን ሲመታው ይሰማኛል። ነጠላ ጫማቸው ጠፍ ጠፍ ሲል ሰማሁ፣ በር ሲከፈት ሰማሁ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ሲወርዱ «ወይኔ ጉልበቴ» ሲሉ ሰማሁ። ሁለተኛውን አልሰማሁም። ያ ድምፅ ሁሉን ዋጠው፣ ከዚያም መስመሩ ጭጭ አለ።

መልሼ ደወልኩ። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ በትሕትና መስመሩ አይገኝም አለችኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ደግማ ነገረችኝ። ውጭ የሳውዝ ሲ ማታቱዎች ረዳቶች «ታውን፣ ታውን» እያሉ ይጣሩ ጀመር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ «ደረጃው ስንት ነበር?» እያልኩ ራሴን ጠየቅሁ። በስድስት ወር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም፤ የካቲት ሄደው ግንቦት ነው፣ ስድስት ወርም አይሞላም። ቁጥር እንኳ ጠፋኝ።

እንዴት ተነስቼ ሥራ እንደሄድኩ አላውቅም። የሦስተኛው ቀን ትምህርት ነበር፤ የባንክና የአውቶቡስ። አርፍጄ ስገባ ጋሽ ሥዩም ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ቤት ሥለዋል። ማስመሪያ ሳይኖራቸው መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ስሙን ጽፈዋል። ከታች፣ ከመሬቱ መስመር በታች ያለውን ክፍል ግን ባዶ ትተውታል።

«ስሙን ላንቺ ተውኩልሽ፣ መምህርት» አሉኝ።

ተማሪዎቹ ፊት ቆምኩ። መምህር ሆኜ እንዲህ ብዬ አላውቅም። «ትናንት ያስተማርኳችሁ ስሕተት ነው። ሁለት ዓመት ስሕተት ሳስተምር ኖሬአለሁ። ምርቃት ትክክል ነበረች፣ እኔ ደግሞ አዋረድኳት። ይቅርታ አድርጊልኝ። በኔ ስሕተት ዛሬ ሌሊት አንዲት እናቴን የምታህል ሴት…» ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሰው ፊት ማልቀስ እጠላለሁ፤ አለቀስኩ።

ነገሩን በቁርጥራጩ ነገርኳቸው። ያን ቀን ባንክም አውቶቡስም ማንም አልተማረ። ዋምቡዪ «ስልክ ይጥፋ» የሚለውን የራሷን ማስታወቂያ ከግድግዳው አንስታ ስልኬን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። ሃያ ሰው አንድ ስልክ ከብቦ ተቀመጠ። ኦርቶዶክሱ በልቡ፣ ጴንጤው በአፉ፣ ሁሉም በየመንገዱ ጸለየ። ጋሽ ሥዩም ብቻ ሰሌዳው ላይ የደረጃውን መስመር በጠመኔ ደጋግመው ያደምቁ ነበር።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ዓይኔ፣ የሰው ስልክ ነው። ቶሎ ቶሎ ልናገር።»

«እትዬ! አሉ? በሕይወት አሉ?»

«ሙት ይደውላል እንዴ? አለሁ። ጉልበቴ ተላልጧል፣ ፀጉሬ ውስጥ ጭቃ ገብቷል፣ አለሁ። ትምህርት ቤት አዳራሽ አምጥተው ብርድ ልብስ አልብሰውኛል።»

«ቤቱስ?»

«ምድር ቤትሽ ሄደ።»

«እንዴት ሄደ?»

«ሄደ ነው የምልሽ! ጠረጴዛውም ሄደ፣ ስልኩም ሄደ፣ ግድግዳውም ሄደ። ጉድጓዴ ውስጥ ተኮራምቼ፣ ጸጥ ሲል ቀና ብዬ ባይ፣ ጣራዬ ሰማይ ሆኗል። ዝናቡ ቀጥ ብሎ እላዬ ላይ ነው የሚወርደው። ወንዶች መጡና በባትሪ አይተው በመሰላል አወጡኝ።»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ፊቴን አይቶ ገባው። ምርቃት እልል አለች፤ እናቷ አፏን ያዘቻት።

«ሌላው ደግሞ» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ኮስተር አድርገው፤ «ማነው 'ውረጂ' የተባለው? ማናት 'አንቺ ሴትዮ'?»

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አፌ ነው…»

«ዝም በይ፣ ልንገርሽ። የምትይው አንዱም አልገባኝም ነበር። ቃል ተሳስቼ ነው ትያለሽ፣ ጉድጓድ ትያለሽ፣ ማርያም ትያለሽ፤ እብድ መሰልሽኝ። ልወርድም አላሰብኩ። ኋላ ግን 'ብዙነሽ ውረጂ' ስትይ፣ ይቺ ልጅ ወባ ይዟት ስትቃዥ እንኳ እርስዎ ያለችኝ ልጅ ናት፣ ዛሬ አንቺ ካለችኝ የመጣብኝ ነገር ቀላል አይደለም አልኩ። ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ወረድኩ። እርስዎ እያልሽኝ ቢሆን ኖሮ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ።»

አባቴ ትዝ አለኝ፤ ምን ይል ይሆን አልኩ።

«ታለቅሻለሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ደክሞሻል አንቺ። ገና ስትደውዪ ድምፅሽ ደክሞት ነበር።» ጎናቸው ያለ ሰው ስልኩን ሲጠይቅ ይሰማል። «ቆይ፣ ቆይ አንዴ… ዓይኔ፣ ሌሎቹስ?»

«የትኞቹ?»

«ካንቺ ጋር የተማሩት ናቸዋ! እኔ አንቺ ስትዪኝ ወረድኩ። እነሱንም ምድር ቤት ብለሻቸዋል አይደል? እነሱን ማን ይጥራቸው?»

ስልኩ ተዘጋ።

ጠመኔውን አንስቼ ጋሽ ሥዩም ባዶ በተዉት ክፍል ውስጥ «ጉድጓድ» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቡም «ቤዝመንት»። ምርቃት ሁለቱንም ደብተሯ ላይ ገለበጠች። ዋምቡዪ ከመደርደሪያዋ የሁለቱን ዓመት የተማሪዎች መዝገብ ሁሉ አውጥታ ፊቴ ከመረችው። ስማቸው አለ፣ የሄዱበት ከተማ አለ፣ ለአንዳንዱ የተቀባዩ ሰው ስልክ አለ። ለብዙው የለም።

ዓይኔ በእንቅልፍ ይዘጋል፤ ጫማዬ ከትናንት ወዲህ አልደረቀም። የመጀመሪያው ስም ገብረመድህን ይላል፣ ኦክላሆማ። ደወልኩ። እዚያ ሌሊት ነው፤ ቆይቶ ቆይቶ እንቅልፍ ያልለቀቀው የወንድ ድምፅ አነሳ።

«ገብረመድህን» አልኩት፣ «አንተ ሰው፣ ተነስ። ዓይናለም ነኝ፣ ከናይሮቢ። ምድር ቤት ያልኩህን ታስታውሳለህ?»